የሦስተኛው ፎቅ ወንበር

ጥቅምት ፲፪ ቀን
ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ከስድስት ቀን፤ ጳጉሜንን ሳልቆጥር።

ይድረስ ለክብርት የጉዳይ አጣሪ፣
የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች እንባ ጠባቂ ጽሕፈት ቤት

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በላኩልኝ ቅጽ ላይ ለዕድሜ የተተወው ቦታ ከሁለት አኃዝ በላይ ስለማይዝ መልሴን ከዚህ ደብዳቤ ራስ ላይ አስፍሬዋለሁ። አርባ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚና አርታዒ ሆኜ ስለኖርኩ፣ ጎዶሎ ቅጽ አይቶ እንዳላየ ማለፍ አልሆነልኝም። ይህን እንደ ትችት አይቁጠሩብኝ።

«የክርክሩ ፍሬ ነገር በአጭሩ» ለሚለው ጥያቄ መልሴ የሚከተለው ነው። የምኖረው በሕንጻው አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር ይገጠምለታል ተብሎ የተተወው ጉድጓድ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላም ባዶውን አለ፤ የምንወጣው በደረጃ ነው። በሦስተኛው ፎቅ ማረፊያ፣ ከአንዲት ጎረቤቴ በር አጠገብ፣ አንድ የእንጨት ወንበር ከሦስት ዓመት በፊት አስቀምጫለሁ። ሌሎቹ ማረፊያዎች ጠባብ ስለሆኑ ወንበር የሚችለው ያ ብቻ ነው። መንገድ አይዘጋም፤ ፍራሽ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ጎረቤቴ ግን «ይነሣልኝ» ብለው ለሕንጻው ኮሚቴ አመለከቱ። ኮሚቴውም በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዳነሣ ጻፈልኝ። እኔም ወደ እናንተ አቤት አልኩ።

«ወንበሩ የሚያገለግለው ማንን ነው?» ላሉት፦ ሁሉንም ነው። እንግዳን፣ ነፍሰ ጡርን፣ ዕቃ የተሸከመን። ይህን ክርክር የያዝኩት ለራሴ ብዬ ሳይሆን ለመርህ ነው።

በታላቅ አክብሮት፣
የአራተኛው ፎቅ ነዋሪ

*

ጥቅምት ፳፩ ቀን

ለክቡር አመልካች፣

ጤና ይስጥልኝ። አቤቱታዎ ደርሶናል። ጉዳዩ እስኪቋጭ ወንበሩ እንዳይነካ ለኮሚቴው ጽፈናል።

ከአቤቱታዎ በኋላ በላኩት ማስታወሻ የቢሮአችንን አሠራር ጠይቀውኛል። በጎረቤት ክርክር ላይ ወደ ውሳኔ የምንገባው እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ቅሬታ በራሱ እጅ ጽፎ፣ ያኛውም ወገን «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» ብሎ ከፈረመበት በኋላ ነው። እርስዎ የእሳቸውን ይጽፋሉ፤ እሳቸው የእርስዎን ይጽፋሉ። ጽሑፎቹ በእኛ በኩል ይተላለፋሉ። ሁለቱም ፊርማዎች እስከ ታኅሣሥ ፴ ካልተሟሉ መዝገቡ ይዘጋል፤ የኮሚቴው ውሳኔም ይጸናል፤ ወንበሩ ይነሣል ማለት ነው።

ስለ ግልባጭ ለጠየቁት፦ የተፈረመ ጽሑፍ ሁሉ ግልባጩ ቤቱ በስሙ ለተመዘገበለት ሰው ይላካል። በእርስዎ ጉዳይ ይህ ሰው ልጅዎ ናት። ደንብ ስለሆነ ላስቀረው አልችልም።

የጉዳይ አጣሪ

*

ኅዳር ፫ ቀን

ይድረስ ለክብርት የጉዳይ አጣሪ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። አሠራራችሁ ጥበብ ይሁን ቀልድ ለመለየት ጥቂት ቀን ፈጅቶብኛል። ከእኔ በር እስከ እሳቸው በር አሥራ ስምንት ደረጃ ነው። የምጽፈው ወረቀት ግን ከእኔ ተነሥቶ በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ እናንተ ዘንድ ይደርሳል፤ ከዚያም ያንኑ መንገድ ተመልሶ ከእግሬ ሥር ካለው ቤት ይገባል።

ያም ሆኖ ታዝዣለሁ። መጻፍ ብርቄ አይደለም፤ የሚኒስትርም የሰካራምም ጽሑፍ አቃንቼ አውቃለሁ። የጎረቤቴን ቅሬታ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ሲጀምር እንዲህ ይላል፦ «አመልካቿ፣ የጋራ መተላለፊያ ለመተላለፊያነቱ ብቻ ይውል ዘንድ ካላቸው ጽኑ እምነት በመነሣት፣ እንዲሁም ለነዋሪው ሁሉ ደኅንነት ካላቸው ቅን አሳቢነት የተነሣ...» ገጽ ተኩል ነው። የሚቃወመኝን ሰው ይህን ያህል አሳምሬ ማቅረቤን ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ በራሴ ተደሰትኩ።

ልጄን በተመለከተ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። እናቷ ካረፈች በኋላ ቤቱን ያዛወርኩላት እኔው ነኝ። ደህና ናት። ሌላ ከተማ፣ ምድር ላይ ባለ ቤት ትኖራለች። ስለ እርሷ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

አክባሪዎ

*

ኅዳር ፲፬ ቀን

ለክቡር አመልካች፣

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ለጎረቤትዎ አስተላልፌ ነበር። ሳይፈረምበት ተመልሷል። ከግርጌው የጻፉትን እንዳለ እገለብጥልዎታለሁ፦

«ጽሑፉ ያምራል። የምትናገረዋ ሴትዮ ግን እኔ አይደለሁም፤ የት አገር እንደምትኖር አላውቅም። ስታገኟት ሰላም በሉልኝ።»

እሳቸውም በበኩላቸው የእርስዎን ቅሬታ ጽፈው ልከዋል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። አንብበው ልክ ከሆነ እንዲፈርሙበት ዋናውን ልኬልዎታለሁ፦

«ጎረቤቴ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ሳያርፉ ደረጃውን መውጣት አይችሉም። ይህን ሰው እንዳያውቅባቸው ይፈራሉ። ወንበሩ ከተነሣባቸው ከቤት መውጣት ይተዋሉ።»

የጉዳይ አጣሪ

*

ኅዳር ፳፭ ቀን

ይድረስ ለክብርት የጉዳይ አጣሪ፣

ባለፈው ሳምንት በጻፍኩልዎ አጭር ማስታወሻ ስለተጠቀምኩበት ቃል ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች «ድፍረት» ማለት አልነበረብኝም። ተናድጄ ጻፍኩ፤ ሳላነብም ላክሁ። ይህ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ሆኖብኝ አያውቅም።

«ታዲያ ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ሐሰት ናቸው?» ብለው ጠይቀውኛል። ሐሰት ናቸው አላልኩም። አልፈርምም ነው ያልኩት።

ምክንያቱን ካልነገርኩዎ ግትር እመስላለሁና ልንገርዎ። ልጄ በየእሑዱ ትደውላለች። «አባዬ፣ ደረጃው አይከብድህም?» ትለኛለች። «እኔን? እየሮጥኩ ነው የምወጣው!» እላታለሁ። «እስቲ በሞቴ በል።» «በሞትሽ ምን አመጣው፣ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ!» እስቃለሁ፤ ትስቃለች። ክፍል አዘጋጅታልኛለች። ግድግዳው ተቀብቷል፤ አልጋው ገብቷል። ደግ ልጅ ናት፤ በደግነቷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን እዚያ ከሄድኩ በኋላ የሚቀረኝ ሥራ የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ በመስኮት ማየት ብቻ ነው። እዚህ ቢያንስ ጠዋት ወርጄ ጋዜጣ እገዛለሁ። የጋዜጣ ሻጩን ስህተት አርምለታለሁ፤ ይሰድበኛል። ያቺ ስድብ የቀኔ ወሬ ናት። በእነዚያ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሥር ፊርማዬ ካረፈ ግልባጩ ልጄ እጅ ይገባል፤ በሳምንቱ የጭነት መኪና ከበር ይቆማል። ካልፈረምኩ ደግሞ ወንበሩ ይነሣል። ከታች እስከ አራተኛው ፎቅ ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። እኔ የምችለው ሃምሳ አራት ነው። ሂሳቡን ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ምስጢር ነው ብዬ ነበር የኖርኩት። ትናንት የሕንጻችን ዘበኛ የእናንተን ፖስታ ሊሰጠኝ ሸንኮራውን እያኘከ ሰባ ሁለቱን ደረጃ ወጥቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቢሮ ወዳጅ ሆነችዎት፤ በየሳምንቱ ነው እኮ የምትጽፍልዎ።»

«የክርክር ወረቀት ነው።»

«የወንበሩ? ኧረ ተዉ ጋሼ! እኔ እኮ ለኮሚቴው ነግሬያቸው ነበር። ነጠላ ሰረዝስ ምን ይሁን፣ ሽማግሌው የት ይረፍ ብያቸው ነበር።»

«ማንን ነው ነጠላ ሰረዝ ያልከው?»

«ውይ!» አለና አፉን ያዘ። «እርስዎን ነዋ። ሕንጻው ሁሉ እንዲያ ነው የሚልዎ። አያውቁም እንዴ?»

ስሙን ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ የጠየቅሁት ከአፉ ልስማው ብዬ ነው። ከአራሚነቴ የመጣ የክብር ስም መስሎኝ ደረቴን ነፍቼበት ነበር።

«መሀል ላይ ቆም ብለው ስለሚቀጥሉ ነው እኮ» አለኝ። «ክፋት የለውም። አራት ነጥብ ከመባል ይሻላል።»

እንግዲህ ከልጄ በቀር የማያውቅ ሰው የለም።

የጎረቤቴን ቅሬታ ዳግም ጽፌ አያይዤዋለሁ። አሁን አላስጌጥኩትም። ሰው ማየት የማይወዱ፣ ኮሽታ የሚያስቀይማቸው ብቸኛ ሴት ናቸው፤ ለዚያ ነው ወንበሩ የሚያስጠላቸው። እንደማስበው ይህ ነው እውነቱ።

አክባሪዎ

*

ታኅሣሥ ፰ ቀን

ለክቡር አባታችን፣

ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛው ጽሑፍም ሳይፈረም ተመልሷል። ጎረቤትዎ «ሰው ማየት የማይወዱ» በሚለው ሥር ሦስት ጊዜ አስምረዋል። ሌላ ምንም አልጻፉም።

በኋላ በላኩት ማስታወሻ አባት እንዳለኝ ጠይቀውኛል። የለኝም። ሲኖርም ደህና ነኝ ይለኝ ነበር፤ እኔም አምነው ነበር። ከዚህ በላይ በቢሮ ደብዳቤ ላይ መጻፍ አይገባኝም።

«ታዲያ ቅሬታቸው ምንድን ነው?» ላሉኝ መልስ ልሰጥዎ አልችልም። ለእኔ የነገሩኝን ለእርስዎ አሳልፌ ብሰጥ አሠራሩ ትርጉም ያጣል። አንድ ነገር ግን መጠየቅ ይፈቀድልኛል። ሁለቱንም ጽሑፎች ሲያዘጋጁ፣ እሳቸውን ራሳቸውን ጠይቀው ያውቃሉ?

እስከ ታኅሣሥ ፴ ሃያ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቷል።

የጉዳይ አጣሪ

*

ታኅሣሥ ፳፫ ቀን፣ ረቡዕ
ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከስድስት ወር ከአሥራ ሰባት ቀን።

ይድረስ ለክብርት የጉዳይ አጣሪ፣

እንደምን ከርመዋል? ለጥያቄዎ መልስ ሳልሰጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆየሁ። መልሱ አንዲት ቃል ነበረች፤ «አልጠየቅኋቸውም» የምትል። እርሷን ለመጻፍ ብዕር አንሥቼ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጥኩ ባይቆጠር ይሻላል።

ዛሬ ረፋድ ላይ ጋዜጣዬን ገዝቼ ስመለስ እንደ ልማዴ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ከዚያም በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«የአራተኛው ፎቅ ጎረቤትዎ ነኝ።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው አለ እንዴ? እኔ እኮ ከላዬ ያለው ጣሪያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። አንድ ዓይንና የመነጽር ግማሽ አየሁ። ሦስት ዓመት ከእኚህ ሴት በር ሥር ተቀምጬ፣ ፊታቸውን በቅርብ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ቅሬታዎን ልጠይቅዎ ነበር የመጣሁት» አልኩ።

«ሁለት ጊዜ ጽፈውት የለ? ከእኔ በላይ ያውቁት የለ?»

«አላውቀውም። ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።»

መነጽራቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «ወረቀት ይዘዋል?» አሉኝ።

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ይቀመጡ። ቆመው አይጽፉም፤ ወንበሩ የእርስዎ አይደል?»

ተቀመጥኩ። እሳቸው ከሰንሰለቱ ወዲያ ሆነው ተናገሩ፤ እኔ በጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። አንድም ቃል አላቃናሁም። ይኸውልዎ፦

«እኔ ወንበሩን አልጠላሁትም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው በየቀኑ መጥቶ በሬ ሥር ይቀመጣል። ሳሉን እሰማለሁ። ጋዜጣ ሲገልጥ እሰማለሁ። በሬን ስከፍት ተነሥቶ የመብራት ማብሪያውን የሚያይ ይመስላል። ባለፈው ክረምት እግሬ ተሰብሮ አርባ ቀን ተኝቻለሁ፤ ያኔም መጣ፣ ተቀመጠ፣ ሄደ። አንድ ቀን አንኳኩቶ አለሽ ወይ አላለኝም። እኔ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ለማላውቀው ሰው ሁሉ ጤና ይስጥልኝ ስል ኖሬያለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴን የሚያንኳኳ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነው። ጭራሽ ሰው ከሌለ የለም ይባላል፤ ይለመዳል። ሰው እያለ አለመኖሩ ነው የጎዳኝ። ሰላም የማይለኝ ከሆነ ወንበሩም ይነሣልኝ።»

ጽፌ ስጨርስ በክፍተቱ አሳልፌ ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡት፤ አንዱን መስመር ተመልሰው አነበቡት። «አዎ፣ ይህቺስ እኔ ነኝ» አሉ። በሩን ደግፈው ፈረሙ።

ያን ጊዜ የእኔም ተራ እንደሆነ ገባኝ። «ሰላም ያላልኩዎ ከንቀት አልነበረም» አልኳቸው። «ሃምሳ አራት ደረጃ ወጥቼ ስደርስ ቃል የሚያወጣ ትንፋሽ አይኖረኝም። ሳለከልክ እንዳይሰሙኝ አፌን በመሐረብ እይዝ ነበር። ትንፋሼ ሲመለስ ደግሞ፣ ይህን ያህል ቆይቼ አሁን ምን ብዬ ልናገር እያልኩ አፍሬ እሄዳለሁ።»

«የመሐረቡንም እሰማ ነበር» አሉ። «እኔ የሰው ድምፅ ስሰማ ነው ያረጀሁት። ታፍኖ የሚተነፍስ ሰው ምን እንደሚመስል ይጠፋኛል?»

«እግርዎንስ አሁን እንዴት አደረገዎ?»

«በአምስት ወሩ? አሁን ነው የሚጠየቀው?» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ መልሰው ኮስተር አሉ። «ይስሙ። በአንድ ቀን ማንኳኳት ሦስት ዓመት አይካካስም። ሰባት ቀን ያንኳኩ። ሰባቱን ከሞሉ ለቢሮው ጽፌ አነሣለሁ።»

«ወንበሩን?»

«ኧረ ቅሬታዬን! ለአራሚ ሰው ይሄ ይጠፋዎታል?»

«ትንፋሽ ካጠረኝስ?»

«አይናገሩ። ማንኳኳት ትንፋሽ አይጠይቅም።»

በሩ ተዘጋ። ይግቡም አላሉኝ፤ እኔም አልጠበቅሁም። የቀሩኝን አሥራ ስምንት ደረጃዎች ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ የእሳቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከመሳቢያ አውጥቼ ፊቴ ዘረጋኋቸው። የሚጨመርም የሚቀነስም አጣሁባቸው። የሕይወቴን ያህል ዘመን የሰው ጽሑፍ ሳሳጥር ኖሬ፣ እኔን በሦስት መስመር የጨረሰችኝ አንዲት የስልክ ኦፕሬተር ናት። ፈረምኩ።

ግልባጩ ልጄ ዘንድ ሳይደርስ ከእኔው አፍ ትስማው ብዬ ደወልኩላት። እሑድ ስላልነበረ ደነገጠች። «ልጄ፣ እየሮጥኩ አይደለም የምወጣው» አልኳት። «ሦስተኛው ፎቅ ላይ እቀመጣለሁ። ሦስት ዓመቴ ነው።» ከጀርባዋ የልጆች ጫጫታና ውኃ የሚቀዳበት ድምፅ ይሰማኝ ነበር። «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አባዬ» አለችኝ። ልታየኝ ይሁን ልትወስደኝ አልነገረችኝም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው መጠየቅ እንደነበረብኝ የገባኝ።

እንግዲህ የዛሬዋ አንድ ናት። ነገ ሁለት፣ ዓርብ ሦስት። ቅዳሜ ልጄ ትመጣለች። የጎረቤቴ ሰባት ቀን የሚሞላው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያሉትን ቀናት ከየትኛው ደጃፍ ሆኜ እንደምቆጥራቸው አላውቅም። በእኔና በልጄ መካከል ያለውን እርስዎ ያጣሩልኝ ብዬ አልለምንዎም። ወንበሩ ግን፣ ውሳኔያችሁ ምንም ቢሆን፣ ማክሰኞ ካለፈ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት እንዳይነሣ አደራ እልዎታለሁ።

ሁለቱንም የተፈረሙ ወረቀቶች ከዚህ ጋር አድርጌ አሽጋቸዋለሁ። ዘበኛው እወስድልዎታለሁ ብሎኝ ነበር፤ አልሰጠሁትም። ሰባ ሁለቱን ደረጃ ራሴ ወርጄ እልከዋለሁ።

አክባሪዎ፣
የአራተኛው ፎቅ ነዋሪ